ቴሰራክት ተጭኖ አልነሳ አለኝ

ጠባሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ሁለተኛ ሌሊቴ ነው። የእድራችንን የታተመ ደንብ ስካን አድርጌ ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ቴሰራክት 5 የሚባለውን ከምስል ላይ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አደረግኩ (ገነባሁ)። የመገንቢያው ትዕዛዝ ሜክም፣ የመጫኛው ሱዶ ሜክ ኢንስቶልም ያለ ኮሽታ አለቁ። ሳስነሳው ግን «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.5ን መክፈት አልተቻለም፤ ፋይሉ የለም» ይለኛል። ፋይሉ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ተጎልቶ እያየሁት! ኮምፓይሉ የተበላሸ መስሎኝ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ መብራት ሄደ።

አንኮበር፦
ወንድሜ፣ ኮምፓይሉ ጤነኛ ነው፤ በከንቱ አትልፋ። የኮዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከር ቢቸገር ኖሮ ገና ሲገነባ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» እያለ ይጮህብህ ነበር። ያንተ ችግር የሚመጣው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሎደር ላይብረሪ (እንደ ሊብቴሰራክት ያለ፣ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የኮድ ፋይል) የሚፈልገው ቀድሞ ከተዘጋጀ መዝገብ ነው፤ አዲሱ ፋይል እዚያ ገና አልገባም። መዝገቡን የሚያድሰውን «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» በል። ከዚያ ፕሮግራሙን የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች በሚዘረዝረው «ኤልዲዲ» ስታየው «ኖት ፋውንድ» የሚለው መስመር መጥፋት አለበት።

መንዜው፦
እኔ ፋይሉን ወደ /ዩኤስአር/ሊብ ኮፒ አድርጌ ነው የተገላገልኩት።

አንኮበር፦
አይ መንዜው! ነገ አዲስ ቨርዥን ስትጭን ያ አሮጌ ቅጂ አድፍጦ ይጠብቅሃል።

ጠባሴ፦
ተነሳ! እግዜር ይስጥህ። አሁን ደግሞ አማርኛ የለኝም አለ።

አንኮበር፦
ከምንጭ ኮድ ሲገነባ የቋንቋ ፋይል አብሮ አይመጣም። የአማርኛውን ፋይል ኤኤምኤች.ትሬይንድዳታን አውርደህ /ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ ውስጥ አስቀምጠው።

ጠባሴ፦
አነበበልኝ። «ቀብር»ን «ቀበር» ያለበትን ብቻ በእጄ እያረምኩ ነው።