ኬሚካል ውህዶች ስቴም ሴልን ወደ ቆሽት ሕዋስነት የሚመሩት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦
ስቴም ሴሎችን (ወደ ተለያዩ የሕዋስ ዓይነቶች ሊለወጡ የሚችሉ ሕዋሳትን) ኢንሱሊን ወደሚያመነጩ የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ለመለወጥ፣ ከፕሮቲኖች ይልቅ ጥቃቅን የኬሚካል ውህዶች እየተመረጡ እንደመጡ በተደጋጋሚ አነብባለሁ። አንድ ውህድ የሕዋስን ዕጣ ሊወስን የሚችለው በምን መንገድ ነው? ፕሮቲኖቹንስ ሙሉ በሙሉ ሊተካ ይችላል?

መልስ፣ ከዮናስ፦
ውህዶቹ ለሕዋሱ አዲስ ትእዛዝ ይዘው አይመጡም፤ ፅንስ በሚያድግበት ጊዜ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚለዋወጧቸውን መልእክቶች ይቀሰቅሳሉ ወይም ያፍናሉ እንጂ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ደረጃ ቺር99021 የተባለው ውህድ ጂኤስኬ3 የተሰኘውን ኢንዛይም በመግታት የዊንት መልእክትን ያነሣሣል፤ ከአክቲቪን ኤ ፕሮቲን ጋር ሲሰጥም ሕዋሱ ጉበት፣ አንጀትና ቆሽት ወደሚወጡበት የፅንስ ንጣፍ፣ ማለትም ወደ ኢንዶደርም፣ ያመራል። ቀጥሎ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ይሰጣል።

በእኔ አመለካከት ከማነሣሣቱ ይልቅ ማፈኑ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው መልእክት በአንጀት መስመር ላይ እየሠራ ሳለ ቆሽት በሚበቅልበት ቦታ ግን ይጠፋል፤ በመሆኑም ፒዲኤክስ1 የተባለው የቆሽት ጂን በደንብ እንዲነቃ፣ መልእክቱን በሳይክሎፓሚን ወይም በሳንት1 ማፈን የተለመደ ነው። ሳይክሎፓሚን የታወቀው በእርግዝና ወቅት አንድ የዱር ተክል የበሉ በጎች ባለ አንድ ዓይን ግልገሎች በመውለዳቸው ነበር። ያለጊዜው ሲደርስ ፅንስን የሚያዛባው ይኸው ውህድ በትክክለኛው ቀን ሲሰጥ ለቆሽት መንገድ ይከፍታልና፣ የሚሰጥበት ቀንና መጠኑ ከውህዱ ማንነት እኩል ወሳኝ ናቸው።

መልስ፣ ከሰናይት፦
ስለ መተካቱ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አይዲኢ1 እና አይዲኢ2 የተባሉ ውህዶች በአክቲቪን ፈንታ ኢንዶደርምን ማስገኘት እንደሚችሉ፣ ኢንዶላክታም ቪ ደግሞ የቆሽት መነሻ ሕዋሳትን እንደሚያበዛ ታይቷል። ውህዶች ከፕሮቲን ይረክሳሉ፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ጥራታቸውም ከምርት ምርት ብዙ አይለዋወጥም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጡት ታዋቂ አሠራሮችም ቢሆኑ ሁለቱን አጣምረው ነው የሚጠቀሙት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተገኘው ሕዋስ እውነተኛ ቤታ ሕዋስ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

መልስ፣ ከዮናስ፦
ኢንሱሊን መገኘቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቀደም ባሉት አሠራሮች ኢንሱሊንንና የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን ባንድነት የሚያመነጩ፣ ለግሉኮስ ግን በአግባቡ ምላሽ የማይሰጡ ሕዋሳት ይገኙ ነበር። ፒዲኤክስ1 እና ሌላው የቤታ ሕዋስ መለያ ኤንኬኤክስ6.1 በአንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው መኖራቸውን ካዩ በኋላ፣ ግሉኮስ ከፍና ዝቅ ሲደረግ የሚመነጨው ኢንሱሊንም አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱን ይለኩ። ሕዋሱ ለንቅለ ተከላ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ሳይለወጥ የቀረ ስቴም ሴል አለመኖሩን መፈተሽ ግድ ነው፤ የቀረው ዕጢ ሊፈጥር ይችላልና።