የዘረመል ምርመራ አካውንት ሲጠፋ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦
ምራቅ ተቀብሎ ዘረመል የሚመረምረው የአሜሪካ ኩባንያ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2025 (እ.ኤ.አ.) የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ ወዲህ አካውንታችሁን አጥፉ የሚል ምክር በዝቷል። ሲጠፋ የዘረመል መረጃው በሙሉ ይሰረዛል? የላክነው ምራቅስ?

መልስ 1፦
በሙሉ አይሰረዝም። ቅደም ተከተሉንም ጠብቁ። አንዴ ከጠፋ መመለሻ ስለሌለው፣ ጥሬ መረጃውን የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ አውርዱ። ቀጥሎ በቅንብሮች ገብታችሁ የምርምር ፈቃዱን ሰርዙ፤ የተቀመጠው ምራቅ እንዲወገድም ምረጡ። ማጥፋቱ የመጨረሻው እርምጃ ነው። በኢሜይል የሚመጣውን ማረጋገጫ ካልተጫናችሁ ጥያቄው አይፈጸምም፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ከዚያም በኋላ ቤተ ሙከራው በሕግ ግዴታ የዘረመል መረጃ፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ያቆያል። በተጠናቀቀ ጥናት ውስጥ የገባውም አይወጣም።

መልስ 2፦
የወረደው ፋይል ያልተመሰጠረ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ መስጥሩት፤ በኢሜይል አትላኩት።

አካውንቱን የምታቆዩ ደግሞ በኩባንያው ላይ የደረሰውን የ2023ቱን ጥቃት አስታውሱ። ሰርጎ ገቦቹ ከሌላ ድረ ገጽ ያፈተለኩ የይለፍ ቃሎችን እየሞከሩ 14,000 ገደማ አካውንቶች ከፈቱ። ዘመድ ፈላጊው አገልግሎት ግን ሰዎቹን እርስ በርስ ስለሚያሳይ የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት የይለፍ ቃልና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ዘመድ ፈላጊውንም ዝጉት።

መልስ 3፦
ከባዱ ነገር ዘመድ ነው። በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተያዘው ተከታታይ ገዳይ የተደረሰበት፣ ሩቅ ዘመዶቹ ጄድማች በተባለ፣ ሰዎች የዘረመል መረጃቸውን ጭነው ዘመድ በሚፈልጉበት ድረ ገጽ ላይ በጫኑት መረጃ ነው፤ እሱ ራሱ ምንም አልጫነም። የአሜሪካው የ2008 ሕግም በጤና መድንና በሥራ ቅጥር የሚደረግ አድልዎን ብቻ ይከለክላል። የሕይወት መድን ድርጅት ውጤቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከመመርመር በፊት ከወንድምና እህት ጋር መመካከር ተገቢ ነው።