የጎጃም አሮጌ ከባድ መኪኖች፦ የጋራ ዕቅዳችንን አብረን እንቅረጸው

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
እንዴት ከረማችሁ? በማኅበራችን ስብሰባ በተባባልነው መሠረት ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያና ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የምናቀርበውን ዕቅድ ጀምሬዋለሁ፣ ረቂቁም ደርሷችኋል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከደጀን እስከ ዳንግላ በየግቢውና በየጋራዡ ጓሮ የቆሙትን አሮጌ ከባድ መኪኖች እንመዘግባለን። ከነሱ ውስጥ አምስቱን መርጠን እናድሳለን። ከዚያ ለሕዝብ እናሳያለን። በጀቱን ገና አልነካሁትም። ያልጣማችሁን ሳታፍሩ ጻፉ። "ጥሩ ነው፣ ግፋበት" ብቻ ከሆነ አይጠቅመኝም።

መካኒክ፣ ቡሬ
አምስት? ኧረ ተው! አንድ ይበቃናል። ቴስታታ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ማውረድ ማንም ያወርዳል። ገንዘቡ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካል። ኮሎው የሚሽከረከርበት ብሮንዝ በልኩ ይፈለጋል። የፒስተኑ ቀለበት ፋሻው፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮኑ፣ ነዳጅ የሚገፋው ፖምፓ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል… አምስቱን ባንዴ ከፈታን አምስት ክምር ብረት ይዘን ነው የምንቀረው። ያኔ ቁራሌው ሚዛኑን ይዞ ከች ይላል።

የቀድሞ ሹፌር፣ ደጀን
ልጆች፣ ከማደሱ በፊት መለየቱ ይቅደም። እዚህ አንድ ግቢ ውስጥ አፍንጫው የረዘመ መኪና ቆሟል። ሰፈሩ ሁሉ ትሬንታ ኳትሮ ነው የሚለው። ፊያት 634ን ማለታቸው ነው፣ ጣልያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ይሠራው የነበረውን። ኮፈኑን አስከፍቼ አየሁት። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች አምስት ናቸው። 634 ግን ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። በዚያ ዘመን ባለ አምስት ሲሊንደር ናፍጣ የነበረው ላንቺያ ትሬ ሮ ነው፣ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው። ትሬንታ ኳትሮ ብላችሁ ለመምሪያው ጽፋችሁ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ መሳቂያ መሆናችን ነው።

መካኒክ፣ ቡሬ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን እኔ ላንቺያ ነው ብዬም አልጽፍም። ሞተሩ ላንቺያ ነው፣ እሺ። መኪናውስ? በኛ አገር ሞተር እንደሆነ ካንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ሲጫን ነው የኖረው። ካምቢዮውም፣ የማርሹ ሳጥን፣ እንደዚያው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሦስት ነገር ለየብቻ ይጻፍ፦ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ላይ የተመታው ቁጥር፣ ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው። ሦስቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ "ስህተት" ተብሎ አይታረም። እንዳለ ይቀመጥ።

ቁጥሩን ለማንበብ ደግሞ አደራ፣ መፋቂያውን ማሽን፣ ፍሌክስ፣ እንዳታስነሱበት! አንዴ ከተፋቀ አለቀ። ጭቃውንና ግራሶውን በናፍጣ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ነው። ቀለም ከሸፈነው በቀለም ማስለቀቂያ ቀስ እያሉ። ከዚያ ስስ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ጎን ማሸት። በዓይን የማይታየው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ወረቀቱንም ከፎቶው ጋር እናስቀምጠው።

ባንክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር
እኔ የምለው፣ ወሬያችን ለምን የጣልያኖቹ ብቻ ሆነ? የሶቪየቶቹ ዚል 130 አለ፣ ኡራል አለ፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ አለ። በደርግ ጊዜ እህሉንም ወታደሩንም ያመላለሱት እነሱ አይደሉም እንዴ? ኡራል 375 ባለ 7 ሊትር ቪ8 የቤንዚን ሞተር ነው፣ 180 የፈረስ ጉልበት። ቤንዚኑን እንደ ውሃ ስለሚጠጣ ባለቤቶቹ በናፍጣ ሞተር መለወጣቸው አይቀርም። እንግዲህ መካኒካችን ያለው ሦስቱ ቁጥር ለእነሱም ሊሠራ ነው።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ተቀብያለሁ። ምዝገባው ሁሉንም ያካትት። እድሳቱ ግን አንድ ይሁን ከተባለ የትኛው ነው?

የቀድሞ ሹፌር፣ ደጀን
ኤንትሬ ነዋ! ምን ጥያቄ አለው። ላንቺያው ብርቅ ነው፣ ግን ዕቃው ከየት ይመጣል? ፊያት 682 ኤንትሬ ዛሬም ድረስ ጭነት ላይ አለ። ዕቃውን የሚያውቅ መካኒክ አለ፣ የነዳው ሹፌርም በሕይወት አለ። ምርጫው ይሄው ነው።

በዚያ ላይ መሪው በቀኝ ነው። ወጣቶቹ የእንግሊዝ መኪና ይመስላቸዋል። የጣልያን ከባድ መኪና ድሮ እንደዚያ ነበር፣ ራሳቸው ጣልያን አገር እንኳ በቀኝ እየነዱ። ሹፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ከራሱ ጎን እንዲያይ ነው። እኛም በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ስንዞር ጠርዙ በሹፌሩ በኩል ሆነ። አባይ በርሃን ለወረደ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማህ የት እንደረገጠ አንገትህን አውጥተህ ታያለህ። ለመቅደም ግን ረዳቱ በግራ በኩል አይቶ "እለፍ" ካላለህ አትሞክራትም።

መምህርት፣ ሞጣ
ጋሼ ያሉት በጣም ደስ ይላል፣ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። እኔ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ረቂቁ "ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ" ይላል። የትኛው ቀድሞ? ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ወይስ ጎጃም ውስጥ የሠራበት ዘመን? ያየሁት ኤንትሬ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) ላይ ተጨማሪ ቅጠል ተደርቦበታል። የጭነት ሳጥኑ እዚሁ በእንጨትና በላሜራ ተሠርቷል። ጋቢናው ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ጸሎት አለ። ስቱኮ ለቅልቀን አዲስ ቀለም ብንረጨው ታሪኩን ራሳችን ሰረዝነው ማለት ነው።

መካኒክ፣ ቡሬ
መምህርት፣ በጽሑፉና በሳጥኑ እስማማለሁ። ባሌስትራውንም ተዪው፣ የተደረበው ጭነቱ ስለበዛ ነው፣ እሱም ታሪክ ነው። ፍሬንና መሪ ላይ ግን ድርድር የለም። እዚያ በሽቦ የታሰረ ነገር ካለ "ቅርስ ነው" ብላችሁ እንዳትከላከሉልኝ። ፎቶ ይነሳ፣ አሮጌው ዕቃ ይቀመጥ፣ አዲስ ይገባል።

ባንክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር
ለምረቃው ቀን ከደጀን አባይ ድልድይ ድረስ ብናወርደውስ? ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይመጣሉ። ስፖንሰርም በዚያ ይገኛል።

የቀድሞ ሹፌር፣ ደጀን
አንተ ልጅ፣ ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዓመታት የቆመ መኪና አዲስ በታደሰ ፍሬን? እኔ መሪ አልጨብጥም፣ ሌላም ሰው እንዲጨብጥ አልፈርምም። ከማርቆስ ሉማሜ ደርሶ ይመለስ፣ ይበቃዋል።

መካኒክ፣ ቡሬ
ደግፌያለሁ። ስለ ሞተሩ ሥራ ኮሌጁ እንዲያውቀው የምፈልገውን ልጻፍ፣ ተማሪዎች ስለሚገቡበት።

ብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር በማስነሻው ሞተሪኖ አይነካም። የተጣበቀ ፋሻ ካለ ይሰበራል። ኖዝሎቹ ይወጣሉ፣ በቀዳዳቸው ዘይትና ናፍጣ የተቀላቀለ ጠብ ይደረጋል፣ ይተዋል። ከዚያ በረዥም ኪያቬ (መፍቻ) ኮሎውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ ነው፣ በጉልበት ሳይሆን በትዕግስት። ሲዞር ዘይቱ ይለወጣል፣ ነዳጅ ተዘግቶ የዘይት ግፊቱ በጌጁ እስኪታይ ይሽከረከራል። ለማስነሳት የምንደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

በማስነሻው ቀን አየር ማስገቢያው አጠገብ ጣውላ የያዘ ሰው ይቆማል። ፖምፓው ውስጥ ነዳጅ የሚመጥነው ዘንግ ደርቆ ከሆነ ሞተሩ ይነሳና አልጠፋም ይላል። ዙሩ እየጨመረ ራሱን ይፈነክታል። ቁልፍ ብታዞር አይሰማህም። አየር መከልከል ብቻ ነው መድኃኒቱ። እጅ በጭራሽ አይደረግበትም።

ሌላው ጎማው ነው። ቸርኬው፣ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ባለ ቀለበት ስለሆነ አየሩ ጨርሶ ሳይወጣ ቡሎን የሚነካ ሰው በሕይወቱ እየቀለደ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ አለው፣ ለሳንባ መርዝ ነው። በኮምፕሬሰር አይነፋም፣ በውሃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል። እነዚህ ሁለቱ በደማቅ ይጻፉልኝ።

መምህርት፣ ሞጣ
የጣውላውን ነገር አላውቅም ነበር፣ ልብ የሚያቆም ነው። እኔ የሹፌሮችንና የረዳቶችን ቃል በድምፅ ለመቅዳት ዝግጁ ነኝ። ግን ሰው ቤት ሄጄ "መኪናዎትን ልመዝግብ" ስል ግብር ነው ብለው እንዳይደነግጡ የማኅበሩ ደብዳቤ ያስፈልገኛል።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ደብዳቤውን ሰኞ አወጣለሁ። የተሻሻለው አንቀጽ ይኸውላችሁ፦

"ማኅበሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከደጀን እስከ ዳንግላ የሚገኙ አሮጌ ከባድ መኪኖችን የየትም አገር ሥሪት ቢሆኑ ይመዘግባል። የሻንሲ፣ የሞተርና የሊብሬ ቁጥር ለየብቻ ይያዛል። የመኪናው ዓይነት ሦስቱ ተመሳክረው ሳያልቁ አይወሰንም። በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ፊያት 682 ኤንትሬ ብቻ ይታደሳል። እዚህ አገር የተጨመረበት ሥራ ይጠበቃል፤ ለደኅንነት የሚለወጥ ዕቃ ግን ፎቶ ተነስቶ አሮጌው ይቀመጣል። የሙከራ ጉዞው ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ ደርሶ መልስ ነው።"

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ። የምናድሰው ኤንትሬ ባለቤት አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። አንደኛው እሺ ብሏል። ሌሎቹስ?

የቀድሞ ሹፌር፣ ደጀን
ሁሉም ይፈርሙ። አንዱ ብቻ ፈርሞ ከታደሰ በኋላ ነው ጠቡ የሚመጣው፣ መኪናው ዋጋ ሲያወጣ። አባታቸውን አውቃቸው ነበር፣ እኔው ላናግራቸው። እስከዚያ አንድም ቡሎን አትፍቱ።

መካኒክ፣ ቡሬ
እሺ ጋሼ። ግን ዝናቡ ሳይጀምር ቶሎ ይበሉ። የጭስ ማውጫው አፍ ክፍት ነው፣ ውሃ እየገባበት ነው። እሱን በጣሳ መክደን ቡሎን መፍታት ውስጥ አይቆጠርም አይደል?

የቀድሞ ሹፌር፣ ደጀን
ክደነው፣ ክደነው። ለልጆቹ ግን አስቀድመህ ደውል።