ነጥቦቹ ተጨመቁ፣ ፍለጋው ግን ተንቀራፈፈ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ከታቦር ተራራ እስከ ሐይቁ ዳር በድሮን ሌዘር የተለካ 300 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ለጎርፍ ጥናት በፖስትጂአይኤስ (የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የካርታ መረጃ እንዲይዝ በሚያስችለው ተጨማሪ) ማስቀመጥ አለብኝ።

መጀመሪያ አንድ ነጥብ በአንድ ረድፍ አስገባሁ። 2 ጊጋባይት ያልሞላው የላዝ (የተጨመቀ የሌዘር ነጥብ) ፋይል ከ30 ጊጋባይት በላይ ወሰደ፤ ፖስትግሬስ ለየረድፉ የ23 ባይት ራስጌ (ስለ ረድፉ የሚይዘውን መረጃ) ይጨምራልና አይገርምም። ነጥቦችን በጥቅል ወደሚያስቀምጠው የፖስትግሬስ ተጨማሪ፣ ወደ ፒጂፖይንትክላውድ፣ ዞሬ 400 ነጥብ በአንድ ጥቅል አደረግሁ፤ መጋጠሚያዎቹንም በ0.01 ሜትር ልኬት ወደ 4 ባይት ሙሉ ቁጥር ቀየርኩ። ቦታው በእጅጉ ቀነሰ።

ፍለጋው ግን አስጨንቆኛል። ከአሞራ ገደል አጠገብ 20 በ20 ሜትር ብቻ ስጠይቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። የጥቅሎቹን ወሰን ካርታ ላይ ሳወጣ እንደ ሰሌን ስንጣቂ ቀጫጭንና ረጃጅም ሆነው ተደራርበዋል። ነጥቦቹ በበረራው ቅደም ተከተል ስለታሸጉ ይመስለኛል፤ የዳታቤዙ ጠቋሚ (ኢንዴክስ) አንዱን ሲፈልግ ብዙ ጥቅል ይፈታል።

ፒዳል በተባለው የነጥብ መረጃ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም፣ ቺፐር በሚባለው መከፋፈያው ልከፋፍላቸው ብል፣ ነጥቦቹን በሙሉ ማኅደረ ትውስታ ላይ ስለሚጭን 16 ጊጋባይት ያለው ኮምፒውተሬ አልቻለውም። አስቀድሜ በካሬ ልቆራርጣቸው? ካሬውስ ስንት ሜትር ይሁን? ደግሞም እያንዳንዱ ነጥብ የተለካበትን ቅጽበት የያዘው የጂፒኤስ ሰዓት ዓምድ ከሁሉ ይልቅ አልጨመቅ ብሏል፤ ብተወው በኋላ የበረራ መስመሮችን ለማስተካከል እቸገራለሁ ብዬ ፈራሁ። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።