የእናታችን ቤትና የአስታማሚዋ እኅት ድርሻ

አንድ ወንድማችን በላኩልን ጥያቄ፣ ድሬዳዋ እናታቸውን የምታስታምመው እኅታቸው ቤቱን በስሟ ልታዞር እንደሆነ ጠርጥረው ከእናታቸው ውክልና ለመውሰድ ማሰባቸውን ገልጸዋል። እኔም ከዓመታት በፊት እዚህ ሜሪላንድ ተቀምጬ በገዛ እኅቴ ላይ ይህንኑ ቃል ተናግሬ ስለነበር ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሳቢያን ያለውን ቤት ከእናታችን ጋር ሠርተው ያለ ኑዛዜ አረፉ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ስለሆነ ግማሹ የእናታችን ሲሆን፣ የአባታችን ግማሽ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለአራታችን ልጆች እኩል ይደርሳል፤ እያንዳንዳችን የቤቱ አንድ ስምንተኛ አለን ማለት ነው። አንዳችን ድርሻዬን ልውሰድ ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድና ቤቱ ራሱ ተከፋፍሎ ለየወራሹ ሊደርስ የማይችል ቢሆን መጨረሻው ሐራጅ ነው፤ እናታችንም በእርጅናቸው ከደጃቸው ይነሣሉ። እኔ በበኩሌ የምፈራው ይህንን እንጂ የእኅቴን ስግብግብነት አልነበረም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ድሬ ስገባ እኅቴ ምንም ሳትናገር ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ፊቴ አስቀመጠች። የስኳርና የግፊት መድኃኒት፣ የባጃጅ፣ የላብራቶሪ፣ የውኃ ቦቴ ወጪ ከነቀኑ ተጽፏል። እስከ መጨረሻው ገልብጬ ለራሷ የተጻፈ አንድ ብር አጣሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑን የምትወጋቸው እሷ ናት፤ መብራት ሲጠፋም በዚያ ሙቀት እንዳይበላሽ መድኃኒቱን በበረዶ ጠቅልላ ጀነሬተር ወዳለው ጎረቤት ፍሪጅ ይዛ የምትሮጠው እሷው ናት። አዲስ አበባ እንውሰድዎት ስንል እናታችን «ብርዱ ጉልበቴን ይቆርጠዋል» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ችግሩ ሕጉ ይህን ሁሉ አለመቁጠሩ ነው። ዐሥር ዓመት ያስታመመችውና በየበዓሉ ስልክ የደወለው እኩል አንድ ስምንተኛ ይወስዳሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ ካልጻፈው በቀር የአስታማሚዋ ድካም የትም አይገኝም። እኛ የአባታችንን የዕድር ወዳጆች ለምነን ተቀመጥንና፣ የሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ ለእናታችን ወጪ እንዲውል፣ ውጭ ያለነው ሦስታችን ደግሞ ከሕክምናው ገንዘብ ለይተን ለእኅታችን በየወሩ እንድንልክ፣ እናታችን በሕይወት እስካሉም ማንም ክፍፍል እንዳይጠይቅ ተስማምተን በጽሑፍ አሰፈርነው። «ደሞዝ» የሚለውን ቃል እኅቴ ስላልወደደችው «ወርኃዊ» ተባለ። እናታችን የራሳቸውን ግማሽ በአራት ምስክሮች ፊት በተነበበ ኑዛዜ አስቀመጡት፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ስለ ውክልናው፣ ጠያቂው ወንድማችን ቢተዉት እመርጣለሁ። ለሽያጭ ከሆነ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። በዕድሜ የገፉ እናት ዘንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ መቅረብ ደግሞ ምን እንደሚመስል ያስቡት። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት የወራሽነት ማስረጃ ወጥቶ እንደሆነ ያጣሩና የሁላችሁም ስም መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌሎቹ ወራሾች ፈቃድ ውጭ እኅትዎ የእናንተን ድርሻ በሕጋዊ መንገድ ልትሸጥ አትችልም። የሌላ አገር ዜግነት ወስደው ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከአሁኑ ቢይዙ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጉዳይ ይቀልልዎታል።

ሐረር ካሉ ዘመዶች የሚመጣ ምክርም ይጠንቀቁበት። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ድሬዳዋ ግን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በመሆኗ የሚሠራባት የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው። በዚሁ አዋጅ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ስላለበት፣ ለእናትዎ የሚልኩት ገንዘብ ውለታ ተደርጎ እኅትዎ ላይ ባይቆጠር ጥሩ ነው።

ታናሽ ወንድማችን ስምምነቱን እስከ ዛሬ አልፈረመም። ወርኃዊውን ግን አንድም ጊዜ አላስታጎለም፤ ባለፈው ወርም ለፍሪጁ የሚሆን ባትሪ ገዝቶ በሰው ልኳል።