ኃይሉ የታለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ። የወገብ ሕመሜ ከባሰ ወዲህ ቆሜ መጸለይ አቅቶኛል። በፊት ሌሊት ተነሥቼ ለሰው ሁሉ እማልድ ነበር። አሁን ገና ስጀምር ሕመሙ ያቋርጠኛል። «ኃይሌ በድካም ይፈጸማል» የሚለውን አምናለሁ። ግን ኃይሉ የታለ?

መልስ፦ እህቴ፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 12ን ከቁጥር 7 ጀምረሽ አንብቢው። ጳውሎስ «የሥጋዬ መውጊያ» ያለው ሥቃይ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተወገደለትም። የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፤ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» ነው፤ አንቺ የጠቀስሽው ቃል ከዚሁ ነው። ሕመሙ አልለቀቀሽም ማለት እግዚአብሔር ትቶሻል ማለት አይደለም።

መልስ፦ ሕክምናሽን ግን እንዳታቋርጪ፤ ጳውሎስም እኮ መጀመሪያ እንዲወገድለት ነው የለመነው። ተኝተሽም ጸልዪ። ሮሜ 8፥26 መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማቃሰቴ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል አስቤው አላውቅም። ለእናቴም ጸልዩልኝ፤ እኔን ስታነሣ ስታስተኛ ደክማለች።