ጦቢያ ብትባል ምን ይላችኋል?

የአንኮበሯ፦
ተናድጄ ነው የምጽፈው። እህቴ በቅርቡ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እመቤታችን ትመስገን። እሷና ባሏ ልጅቷን ጦቢያ ሊሏት ወስነዋል። ስሙ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከሚባለው መጽሐፍ የመጣ ነው። ትናንት ደብረ ብርሃን ገንፎ ልንበላ ተሰብስበን ሳለ አንድ የባሏ ዘመድ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ያልኖረች ሴት ስም ለልጅ አይሰጥም፣ የሰው ስም አውጡላት» አሉ። አራስ ፊት! እህቴ ገንፎው ላይ ያለው ቅቤ እስኪረጋ ድረስ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንድ ቃል የተናገረላት የለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምንጃሬው፦
አነጋገራቸው ይክረር እንጂ ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ስም የሚወጣው ከቤቱ ነገር ተነስቶ ነው። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው ምትኩ ይላል፣ ካሳ ይላል፣ ማስረሻ ይላል። ስሙን የሰማ የቤቱን ታሪክ ይሰማል። ጦቢያ ሲባል ስለ እህትሽ ቤት ምን ይሰማል? መጽሐፍ ማንበባቸው ብቻ።

የአንኮበሯ፦
መጽሐፍ ማንበባቸውስ የቤቱ ታሪክ አይደለም እንዴ? ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። የተዋወቁት በመጽሐፍ ነው። ደግሞ ምትኩ ስትል ከዚያ በፊት የኖረ ምትኩ የሚባል ሰው ፈልገህ ነው? ያልኖረ ሰው ስም ከሆነ እሱም ያልኖረ ነው።

ባሶና፦
እኔን የገረመኝ «ያልኖረች» የምትለዋ ናት። ሰብለወንጌል የሚባሉ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ አባት ነው ለልጁ ሰብለ ያለ። የኔ ታላቅ እህት አንዷ ናት። ያኔ «ያልኖረች ናት» ያለ ሽማግሌ አልነበረም።

ምንጃሬው፦
ወንድምዓለም፣ ሰብለ ወንጌል ኖራለች። የዓፄ ልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ የነበረ ስም ወስዶ ተጠቀመ እንጂ አልፈጠረውም። ምሳሌህ ለኔ ነው የሚመሰክረው።

ባሶና፦
እህቴን የሰየመው አባቴ ስለ እቴጌይቱ ሰምቶ አያውቅም። የሰየማት ሬዲዮኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው። ስሙን ከማን እንዳገኘው የሚያውቀው እሱ ነው፣ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም።

የቄስ ልጅ፦
ሁላችሁም የሳታችሁት ነገር አለ። ጦብያ ኖሯል፤ የኖረው ግን ወንድ ሆኖ ነው። መጽሐፈ ጦቢትን ክፈቱ። የጦቢት ልጅ ነው፣ መልአኩ ሩፋኤል መንገድ የመራው። ለሴት ልጅ የወንድ ስም አይከብድም?

የአንኮበሯ፦
አንተ የምትለው እሱ ሌላ ነው፣ ይቺ ሌላ ናት። ገበሬውም በግጥሙ ጦቢያ የሚለው አገሩን ነው። ኢትዮጵያ የሚባሉ ሴቶች ሞልተው የለም ወይ? በመጽሐፉም ጦቢያ ሴት ናት። መንትያ ወንድሟ ዋሕድ ሲጠፋ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ የወጣች ልጅ ናት። በ1900 ዓ.ም. እንዲህ ያለች ሴት በአማርኛ ተጽፋለች፤ እኛ ዛሬ ስሟን እንፈራለን። ክርስትናዋን እንደሆነ በሰማንያ ቀኗ ወለተ ማርያምም ትባል ወለተ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያን ያወጣላታል። ማንም የነካባት የለም።

የሞላሌው፦
ስትጽፉ የቆያችሁትን ሁሉ አየሁ። ስለ ጦቢያ ታወራላችሁ፣ ስለ ጸሐፊው የሚያነሳ ጠፋ። አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አፈ ቄሣር ተብሎ ለጣሊያን ያደረ ሰው ነው። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ዘረት ላይ በ1931 ዓ.ም. ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ፣ ሴቱን ሕፃኑን ሳይለይ፣ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ፈጀው። ዋሻው ዛሬም አለ። ከባንዳ መጽሐፍ ስም አምጥቶ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ልጅ መሰየም ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ኖረች አልኖረች እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ባሶና፦
ጋሼ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ዘረትን የሚረሳ ሰው የለም። ግን መጽሐፉ የወጣው ከወረራው 28 ዓመት በፊት ነው። ጦቢያ ለማንም አላደረችም።

የሞላሌው፦
ሰውዬው በ1928 ዓ.ም. ድንገት አልተለወጠም። በዐድዋ ጊዜም ወደ ጣሊያኖቹ ዞሯል። የኖረው እዚያ፣ ያሳተመው እዚያ። አንድ ሰው ነው፣ አትክፈሉት።

የአንኮበሯ፦
እሺ አንክፈለው። የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፈው ማነው? ራሱ አፈወርቅ ነው፣ እዚያው ሮም ላይ። አንጎለላ ተወለዱ እያልን የምንኮራባቸውን ንጉሥ ታሪክ ከእሱ መጽሐፍ ስንጠቅስ ባንዳ ያለ የለም። ለምኒልክ ሲሆን ደራሲ፣ ለአንዲት ሕፃን ስም ሲሆን ባንዳ?

የሞላሌው፦
መጥቀስ ሌላ፣ ልጅን በየቀኑ በዚያ ስም መጥራት ሌላ። ከመደርደሪያ የወሰዱትን መጽሐፍ ይመልሱታል፤ ስም አይመለስም። የኖረች ሴት ስም ከፈለጋችሁ ሸዋረገድ በሏት። ሸዋረገድ ገድሌ አርበኛ ናት፣ ጣሊያን አገር ድረስ ወስደው አስረዋታል። ሰማችሁ? ኖራለች።

የዓለም ከተማዋ፦
እኔም የመርሐቤቴ ሰው ነኝና ዝም አልልም። ከመጽሐፍ ካላችሁ የዘጌውን ሰው አፈወርቅን ምን አስፈለጋችሁ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኛ ናቸው፣ መርሐቤቴ የተወለዱ። ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር አረፉ። እነዚያ ሁሉ መጻሕፍት እያሉ!

ምንጃሬው፦
አሁን ደግሞ ዘጌና መርሐቤቴ ልንባባል ነው? ከኅሩይ መጻሕፍት አንድ የሴት ስም ጥቀሽልን።

የዓለም ከተማዋ፦
ዋናው ሰው አወቀ ነው፣ አዲስ ዓለም በሚለው መጽሐፋቸው ላይ። የሴቱን አይቼ እመለሳለሁ። ቁም ነገሩ ግን የሰውየው አገር ወዳድነት ነው።

ባሶና፦
ለሴት ልጅ አወቀ ልንል ነው እንግዲህ። እትዬ፣ ከነገሩ አትውጡ። እኔ አሥር ዓመት ያለፈኝ አስተማሪ ነኝ፣ ስም ጥሪ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ። ሸዋረገድ ስትባል ክፍሉ ይስቃል፣ «የአያቴ ስም ነው» ይላሉ። ጦቢያ ሲባል ግን አይስቁም፣ ዞር ብለው ያያሉ። ልጅቷም ቀና ትላለች። ለየት ያለ ስም ያላት ልጅ ስሟን ሁለቴ መናገር ትለምዳለች፣ ያ አይጎዳትም።

የሞላሌው፦
በሸዋረገድ የሚስቅ ክፍል ካለ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። አስተምሯቸው።

የቄስ ልጅ፦
አሁንም የመጽሐፈ ጦቢትን ነገር የመለሰልኝ የለም።

እናት፦
ሁላችሁም ስለ መጻሕፍት አወራችሁ፣ ስለ ሴት ልጅ ስም ግን አንድ ነገር ልበል። የወንድ ልጅ ስም ለልጆቹ ይሻገራል፣ የአባት ስም ይሆናል፣ ከዚያም የአያት። የሴት ልጅ ስም ከራሷ አያልፍም። የኔን ስም የያዘ ወረቀት ልጆቼ የላቸውም። እንግዲህ የራሷ ብቻ የሆነውን አንድ ነገር እናትና አባቷ ወደውት ቢሰጧት ጎረቤቱ፣ አጎቱ፣ ሞላሌው ምን ቤት ነው? ደግሞ ያልኖረች ሴት ስም መሆኑ ለኔ ይሻላል። የኖረ ሰው ስም ከነጣጣው ነው የሚመጣው። «እንደ አክስቷ ግትር ሆነች»፣ «ስሟን ይዛ ዕድሏን ወሰደች» እየተባለ ነው ያደግነው። ጦቢያ ማንም የሚያማት ዘመድ የላትም።

ምንጃሬው፦
እማማ፣ ይሄኛው ይከብዳል፣ አልክድም። ግን ዘመድ የሌለው ስም ዘመድ የሌለው ስም ነው። ልጅቷ አያቷን በስሟ እንድትይዝ እፈልጋለሁ። የአያቷን ስም ለምን አላወጡላትም?

የአንኮበሯ፦
አያትየው ራሳቸው «በኔ ስም አትጥሯት» ብለዋል። ስማቸውን ወደውት አያውቁም። የልደት ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፣ እስከዚያ ዘመድ ሁሉ ድምፅ ሊሰጥ ነው?

የሞላሌው፦
አባትየው ምን ይላል? የሱን ቃል እስካሁን አልሰማንም።

የአንኮበሯ፦
ስሙን ያመጣው አባትየው ነው። ገንፎው ላይ የተናገሩት ሰውዬ ደግሞ የሱ አጎት ናቸው፣ ለዚያ ነው አፉን የያዘው።

የሞላሌው፦
እንግዲያው ዘረት ድረስ ሄዶ ዋሻውን ይይ። ከዚያ በኋላ ይሰይም።

የአንኮበሯ፦
የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ተማሪዎቹን ይዞ ሄዷል። ዋሻው ውስጥ አሁንም ያለውን አጥንት አይቷል። ከተመለሰ በኋላም ጦቢያ ነው የሚለው።

የሞላሌው፦
እንግዲያው አይቶም አልገባውም።

የአንኮበሯ፦
እንዲህማ አይባልም ጋሼ። የሱም አያት አርበኛ ነበሩ።

የቄስ ልጅ፦
አርበኛ ከነበሩ የሳቸው ስም ምን ነበር?